ከለገሃር እስከ አራዳ፤ ባሕር በሌላት ከተማ ወደብ ፍለጋ

ሰኞ

ጠዋት ከድሬዳዋ የተነሳው ባቡር ከሰዓት በኋላ ለቡ ገባ። መንገዱ ሰላም ነበር። ሚኤሶን፣ አዳማን፣ ቢሾፍቱን እያልን መጣን። ሞጆ ላይ ብቻ ከመቀመጫዬ ተነስቼ በመስኮቱ አየሁ። ኮንቴይነሩ ተደራርቦ፣ ቀዩና ሰማያዊው ተደባልቆ፣ ሜዳውን ሞልቶታል። ከባሕሩ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ደጋ ላይ የተቀመጠ ወደብ ነው።

አዲስ አበባ የመጣሁት ይህን ነገር ከሥሩ ለማየት ነው። የድሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ልጅ ሆነን አዲስ አበባ ማለት ለእኛ ባቡሩ የሚያድርበት ቦታ ማለት ነበር። ጂቡቲ ደግሞ ባሕሩ ያለበት። እኛ መሃል ላይ ሆነን የሚወጣውንም የሚወርደውንም እናይ ነበር። ስለዚህ ሰው አዲስ አበባ ወደብ የላትም ሲል ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። ባሕር የላትም እንጂ ወደብስ አላት። መሃል ከተማዋ፣ ከለገሃር እስከ አራዳ ያለው ዳገት፣ ከጂቡቲ በመጣ ዕቃና ሰው የተሠራ ነው። ሳምንቱን ያንን ዳገት ከታች ወደ ላይ ልሄድበት ወስኛለሁ።

ለቡ ከመሃል ከተማው ሩቅ ነው። የድሮው ባቡር ከተማው እምብርት ላይ ነበር የሚያወርድህ። አዲሱ፣ መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ዳር ላይ ያወርድሃል። ሻንጣዬን ይዤ በሚኒባስ ወደ መሃል ገባሁ። ስታዲየም አካባቢ አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን አገኘሁ። ንጹሕ ናት። ሌላ የሚጻፍ ነገር ዛሬ የለም፤ ደክሞኛል።

ማክሰኞ

በጠዋት ለገሃር።

ከስታዲየም በእግር ቅርብ ነው። ከላይ የቀላል ባቡሩ ድልድይ ያልፋል፤ ከታች መንገዱ ሰፍቷል፣ ተነጥፏል፣ ዛፍ ተተክሎበታል። ከጀርባ ረጃጅም ሕንፃዎች እየበቀሉ ነው። መሃል ላይ የሞዓ አንበሳው ሐውልት፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ አሮጌው ጣቢያ። ሕንፃው ትልቅ አይደለም። በዙሪያው ከሚሠራው ጋር ሲተያይ ደግሞ በጣም ያንሳል። ግን ቆሞ ለሚያየው ሰው ክብር አለው። ኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፤ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በፊት።

ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ገና ጎጆና ድንኳን የበዛባት ከተማ ነበረች። ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ በ1895 ከሐረር ተራሮች ሥር ደረሰ። ሐረር ድረስ መውጣት ከባድና ውድ ስለነበር እዚያው ሜዳው ላይ ቆመ። የኛ ከተማ ድሬዳዋ የተወለደችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከሰረ፣ መንግሥታቱ ተጨቃጨቁ፣ ሥራው ዓመታት ተቋረጠ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ግን በ1906 አርፈው ነበር። ያን ያህል የደከሙለት ባቡር ከተማቸው ሲገባ አላዩትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

ሐውልቱ ዙሪያ ድንጋይ ላይ ከተቀመጡ ሽማግሌዎች አንዱ ዓይኔን ሳቡኝ። ኮፍያቸው የባቡር ሰው ኮፍያ ነው፤ አውቀዋለሁ። ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ምድር ባቡር ሠርተዋል እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ነገረህ አንተ?»

«አባቴ ድሬ ወርክሾፕ ነበር።»

ይሄኔ ፊታቸው ተፈታ። «የወርክሾፕ ልጅ ነህ? በል ቁጭ በል ልጄ!» አሉና ቦታ ለቀቁልኝ።

ብዙ አወራን። እሳቸው የጭነት ክፍል ነበሩ። የሚናገሩት አማርኛ ከፈረንሳይኛ ጋር የተጋባ ነው፤ የጣቢያ ኃላፊው «ሼፍ ደ ጋር» ነው፣ ፉርጎው «ቫጎን» ነው። የድሬ ባቡር ሰዎችም እንዲህ ነበር የሚያወሩት፤ ቤታችን ውስጥ ያደግኩበት ድምፅ ነው። ከደረት ኪሳቸው ፕላስቲክ አወጡ። ውስጡ የሥራ መታወቂያቸው አለ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ፎቶው ላይ ያለው ወጣት ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጽሑፉ ከላይ አማርኛ ከታች ፈረንሳይኛ። አውራ ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ።

«ዕቃ ሲመጣ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ሌሊት ነው የሚመጣው። ጨው አለ፣ ጨርቅ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ሚስማር አለ። ይሄ ፒያሳ የምታየው ሁሉ ቤት ቆርቆሮው በኛ እጅ ነው ያለፈው። ሲመለስ ደግሞ ቡና እንጭናለን፣ ቆዳ እንጭናለን። ቡናው ሲጫን ግቢው ሁሉ ይሸታል። የኛ ሐዲድ ደግሞ ጠባብ ነበር፣ አንድ ሜትር ነው። እንጨት ሳይሆን ብረት ነው ከሥሩ የሚነጠፍለት፤ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋላ።»

ስለ ብረቱ አባቴም ይነግረኝ ነበር። ድሬ ከዚራ ውስጥ የዚያ ብረት ቁራጭ ያልተተከለበት አጥር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ስለ አንበሳውም ጠየቅኳቸው። የ1923ቱን ንግሥ አስታኮ የቆመ ነው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ ሰይፍ መዞ ጣሊያኖችን ተፋለመ የሚባለው ሮም ላይ፣ ይህን ሐውልት ባየ ጊዜ ነው። ኋላ ተመልሶ እዚሁ ቦታው ላይ ተተከለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ጂቡቲ ላይ የእንግሊዝ መርከብ ጠበቃቸው። የአገሪቱ የባሕር በር ይህ መስመር ስለነበር ዲፕሎማቱም፣ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ስደተኛውም በዚህ ጣቢያ ነው የገባውና የወጣው።

ሽማግሌውን ስሰናበታቸው፣ «ጓደኞቼ አልቀዋል እኮ። የቀረነው ጥቂት ነን» አሉኝ። ይህንን እዚህ የጻፍኩት እንዲያው ሐዘን ለማብዛት አይደለም። በሕይወት ያሉት የባቡር ሰዎች የሚያውቁት ነገር ትልቅ ሀብት ነው። በአካባቢው ትልቅ የመኖሪያና የንግድ ሠፈር እየተገነባ ነው፤ ይሁን፣ ከተማ ማደግ አለበት። ግን አሮጌው ጣቢያ የመስመሩ ታሪክ የሚነገርበት ቤት መሆን አለበት። ታሪኩን መናገር ያለባቸው ደግሞ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ድምፃቸው ይቀረጽ፣ መታወቂያቸው፣ ፊሽካቸው፣ መብራታቸው ይሰብሰብ። ነገ ዛሬ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ረቡዕ

ዛሬ የዛሬውን ወደብ አየሁ።

ድሬ አብረን የተማርን አንድ ጓደኛ አለኝ። አዲስ አበባ ትራንዚተር ነው። የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ማለት ነው። ለገሃርና ሜክሲኮ መሃል ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለት ጠረጴዛ የምትይዝ ቢሮ አለችው። ከታች ካፌ ገብተን ማኪያቶ አዘዝን።

«ወደቡ የታለ?» አልኩት።

ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ከክንዱ ሥር ያለውን ፋይል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይኸው።»

ከዚያ ገጽ በገጽ አሳየኝ። አንድ ኮንቴይነር ጎማ ነው እንበል። መጀመሪያ ባንክ ነው። አስመጪው ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበትን ሰነድ፣ ይከፍታል፤ ለዚህ ዶላር ማግኘት አለበት፤ ወረፋው ነው የሰውን ዕድሜ የሚበላው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሒሳቡ ሁሉ ተቀይሯል። ባንኩ ካለቀ ዕቃው ይጫናል። መርከቡ ጂቡቲ ይደርሳል። እዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ነው። በመልቲ ሞዳል ከሆነ አንድ አጓጓዥ፣ ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ፣ ዕቃውን በአንድ ሰነድ፣ በራሱ ኃላፊነት፣ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያመጣዋል። በዩኒ ሞዳል ከሆነ ግን አስመጪው ራሱ ጂቡቲ ላይ ሰው አቁሞ ይረከባል፣ መኪናም ይፈልጋል።

ሞጆ ሲደርስ ዲክላራሲዮን፣ ዕቃው ለጉምሩክ የሚገለጽበት ቅጽ፣ ይሞላል። አሁን ብዙው በኮምፒውተር ነው። ሲስተሙ ቀለም ያወጣል። አረንጓዴ ከወጣ ዕቃው ያልፋል። ቢጫ ከወጣ ሰነዱ ይታያል። ቀይ ከወጣ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ይፈተሻል።

«ቀይ ሲወጣ ምን ታደርጋለህ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሞጆ እሄዳለሁ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ካርቶን አስቆጥራለሁ። ሰነዱና ዕቃው አንድ ከሆነ ምንም የለም፤ ጊዜ ነው የሚሄደው። ጊዜው ሲረዝም ግን ዲመሬጅ ይቆጥራል። ኮንቴይነሩ በቀኑ ካልተመለሰ በየቀኑ በዶላር ትከፍላለህ። አስመጪው ያንን ዕቃው ላይ ይጨምረዋል። መርካቶ ዕቃ የሚወደደው እንዲህ ነው።»

ጣቱን የያዘው ሰነድ ላይ አኑሮ ነበር የሚያወራው። የመርከቡ ስም፣ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ የማኅተሙ ቁጥር፣ ክብደቱ በኪሎ። ከታች አራት የተለያዩ ማኅተሞች፤ አንዱ ደብዝዟል፣ አንዱ ተደርቦ ተመትቷል። ይህ ወረቀት ከመርከቡ ቀድሞ ካልደረሰ መርከቡ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ከካፌው ወጥተን የባሕር ትራንስፖርቱን ዋና መሥሪያ ቤት ከውጭ አሳየኝ። ለገሃር ነው ያለው፣ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። ያኔ ምጽዋም አሰብም ነበሩ። ኤርትራ በ1985 ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ አልባ ሆነች፤ እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ ግን አሰብን መጠቀሟ ቀጥሎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፊቱ ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ዛሬ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው ነው። መርከቦቹ ግን ሥራ አላቆሙም። ከስሞቻቸው መካከል ሸበሌ፣ ጊቤ፣ መቀሌ፣ ጅግጅጋ ይገኙበታል። ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይመስለኛል፤ በአገራችን ወንዝና ከተማ የተሰየሙ መርከቦች ውቅያኖስ ላይ አሉ፣ የሚመሩት ደግሞ ከለገሃር ነው።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ከስታዲየም እስከ ሰንጋ ተራ ዞርኩ። ባንክ በባንክ ላይ። የንግድ ባንኩ አዲሱ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ነው፤ ከየትም ቦታ ይታያል። ከሥሩ ያለው ክቡ የድሮ ሕንፃ ለእኔ የበለጠ ያምራል። ጓደኛዬ ካስረዳኝ በኋላ እነዚህን ሕንፃዎች ያየሁበት ዓይን ተለወጠ። የመርከቡ ጉዞ የሚጀመረው እነዚህ ፎቆች ውስጥ፣ አንድ ሰው የኤልሲ ፎርም ሲሞላ ነው።

ሐሙስ

ቸርችል ጎዳናን ከታች ወደ ላይ በእግር ወጣሁት። ጎዳናው ከለገሃር ተነስቶ ቀጥ ብሎ እስከ ማዘጋጃ ቤት ይወጣል። መልመድ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ ድሬዎች 1200 ገደማ ላይ ነው የምንተነፍሰው። ቀስ እያልኩ ሄድኩ።

መጀመሪያ ብሔራዊ ቴአትር፣ ከፊቱ የድንጋይ አንበሳው። ቴአትሩ የንጉሡን 25ኛ የንግሥ በዓል አስታኮ በ1948 የተከፈተ ነው። አንበሳው ስሙ ገናና ነው፤ ሰው «አንበሳው ጋ እንገናኝ» ሲል ለገሃር ያለውንም፣ ይህንንም ሊሆን ስለሚችል ማጣራት ነው።

ከፍ ሲሉ ፖስታ ቤት። ለእኔ ጉዳይ ይህ ቦታ ዋና ነው። ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያወጁት የባቡሩን ፈቃድ በሰጡበት በዚያው በ1886 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤና ባቡር ከአንድ ሐሳብ ነው የወጡት። ዓለም እንዲያውቀን፣ እኛም ወደ ዓለም እንድንደርስ። ሐዲዱ እስኪደርስ ደብዳቤው በሰው እግርና በበቅሎ ነበር ወደ ባሕሩ የሚወርደው።

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል ምስል አለ። ዋናው መድፍ ጋፋት ተሠርቶ በሰው ጉልበት መቅደላ አምባ ድረስ የተጎተተው ነው። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎም አያየውም። እኔ ትንሽ ቆምኩ። መኪናና ሐዲድ በሌለበት ያን ብረት ተራራ ላይ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የባቡር ሰው ልጅ ይገባዋል።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከዚያ አራዳ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ተሳለምኩ። ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፤ በ1909፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ በገባበት ዓመት። ከጊዮርጊስ በታች የነበረው የአራዳ ገበያ ጣሊያን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ የከተማዋ ትልቁ ገበያ ነበር። ከለገሃር የወረደው ጨርቅና ቆርቆሮ ዳገቱን ወጥቶ የሚሸጠው እዚህ ነበር። ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ የመኑ፣ ጉራጌው፣ ሐረሬው ጎን ለጎን ሱቅ የከፈተበት ሠፈር ነው። የወደብ ከተማ ጠባይ ይሄ ነው፤ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ ጎረቤት ይሆናል።

አሁን ብዙው የለም። ፒያሳ በ2016 ፈርሶ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። መንገዱ አምሯል፣ መብራቱ አምሯል፣ ምሽት ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸራል፤ ይህን ማየት ደስ ይላል። ቢሆንም የአሮጌዎቹ ሱቆች የእንጨት በረንዳ ይናፍቀኛል። ሁለቱም ስሜት አብሮ አለኝ፣ አንዱን መምረጥ አልቻልኩም። የጣይቱ ሆቴል ቆሟል። የእንጨት ወለሉ ከእግር ሥር ሲንቋቋ መስማት ለብቻው ፒያሳ ድረስ ያስመጣል። ከባቡር የወረደ እንግዳ ዳገቱን ወጥቶ ያርፍበት የነበረ ቤት ነው።

የምኒልክ ሐውልት ፈረሱ ላይ እንዳለ ነው። ከጎኑ በየካቲት 2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። በግንባታው ጊዜ ሰው «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ» ይለው ነበር፤ የአገሪቱ መንገዶች ርቀት መቁጠሪያ የሆነው ዜሮ ኪሎ ሜትር እዚህ በመሆኑ። እዚያ ቆሜ ወደ ታች፣ ወደ ለገሃር አየሁ። ከለገሃር ተነስቶ ባሕሩ ምን ያህል እንደሚርቅ አባቴ በጣቢያ በጣቢያው በቃሉ ይቆጥረው ነበር። አቃቂ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬ፣ ከዚያ ደወሌ፣ ከዚያ ጂቡቲ። 780 ኪሎ ሜትር ከምናምን።

ዓርብ

ጥቂት ጊዜ ነበረኝ። ቀላል ባቡር ተሳፍሬ ከስታዲየም ልደታ ደርሼ ተመለስኩ። ጭንቅንቅ ነው፤ ግን ከላይ ሆኖ ለገሃርን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የጣቢያው ጣሪያ፣ አንበሳው፣ ቸርችል ወደ ላይ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ዓይን ይገባል። ለእንግዳ የምመክረው ይህንን ነው፤ መጀመሪያ ከላይ እዩት፣ ከዚያ ወርዳችሁ በእግር ሂዱበት። ግማሽ ቀን ይበቃል። ሽማግሌዎቹን ለማግኘት ግን ጠዋት ይሻላል፣ ፀሐይ ሳይበረታ።

ሽማግሌውን በድጋሚ ፈለግኳቸው፤ አገኘኋቸው። ሞጆ ስላየሁት፣ ጓደኛዬ ስላሳየኝ ሰነድ ነገርኳቸው። ቀለሙን ሲሰሙ በጣም ተገረሙ።

«ኮምፒውተሩ ነው ቀይ የሚለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኛ ጋ ሼፉ ነበር የሚወስነው። ሸራውን ገልጦ ያያል፣ ከዚያ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል።» እርሳሱን የሚይዙበትን ጣት አሳዩኝ። ምልክቱ ምን እንደሚመስል ስጠይቃቸው ማስታወሻዬን ተቀብለው ራሳቸው ሣሉልኝ፤ አንድ ክብ፣ በመሃሉ መስመር። ያለፈ ዕቃ ማለት ነው። የተያዘ ከሆነ መስመሩ ሁለት ይሆናል። ከዚያ የፉርጎ ዓይነቶችን፣ የጫኞቹን አለቃ፣ የሌሊት ተረኛውን ሥራ አንድ በአንድ እየነገሩኝ ገጹ ሞላ። ነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ ጓደኛቸውን ይዘው ሊመጡ ቃል ገቡልኝ፤ እሱ መኪኒስት ነበር አሉ፣ የአዋሽን ድልድይ በሌሊት የሚያሻግረው። ባቡሬ እሑድ ነው። ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ ድምፅ ለመቅዳት ቦታ አጽድቼ፣ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ አንበሳው ሥር እጠብቃቸዋለሁ።